ገንዘባቸውን ያልለቀቁት የአውሮፓ አገሮች፦ ኩራት ነው ወይስ ስሌት?

ባለፈው ሴሚስተር በዓለም አቀፍ ኢኮኖሚክስ ክፍለ ጊዜ መምህራችን አንድ ጥያቄ ወረወሩልን። «ዩሮ እናንተ እንደምትሉት ጥሩ ነገር ከሆነ ስዊድን እስከ ዛሬ በክሮና የምትገበያየው ለምንድን ነው?» አሉ። ክፍሉ ዝም አለ። እኔ እጄን አውጥቼ «ኩራት ነው መምህር፤ ሀብታም ስለሆኑ የማንንም አይፈልጉም» አልኩ። ተማሪው ሳቀ። መምህራችን ግን አልሳቁም። «ኩራት ከሆነ ዋጋው ስንት ነው? አስልተህ አምጣልኝ» ብለውኝ ወደ ሌላ ርዕስ አለፉ።

እውነቱን ለመናገር ያሉኝ ለቀልድ ይሁን ለቁም ነገር እስካሁን አልገባኝም። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ስዊድን የምትኖረውን አክስቴንም በስልክ ጠየቅኋት። ይህ ጽሑፍ ለመምህሬ ሳልሰጥ የቆየሁት መልስ ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እነማን ናቸው?

ብዙዎቻችን አውሮፓ ሲባል ዩሮ ብቻ ነው የሚታየን። ዩሮ በሒሳብ መዝገብ ላይ ሥራ የጀመረው በ1999 ሲሆን ኖቱና ሳንቲሙ በሰው እጅ የገባው ጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ነው። ቡልጋሪያ በጃንዋሪ 2026 ሌቭዋን ትታ ስትገባ የተጠቃሚ አባላት ቁጥር 21 ደርሷል። ከአውሮፓ ኅብረት 27 አባላት መካከል በራሳቸው ገንዘብ የቀሩት ስድስት ናቸው፤ ዴንማርክ፣ ስዊድን፣ ፖላንድ፣ ቼክ፣ ሃንጋሪና ሮማኒያ። ከኅብረቱ ውጭ ደግሞ ስዊዘርላንድ፣ ኖርዌይ፣ አይስላንድ፣ እንዲሁም በ2020 ከኅብረቱ የወጣችው ብሪታንያ አሉ።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ስህተት ነው። ከስድስቱ መካከል ዩሮን ያለመቀበል መብት በሕግ የተሰጣት ዴንማርክ ብቻ ናት። አምስቱ ግን ኅብረቱን ሲቀላቀሉ አንድ ቀን ዩሮን እንደሚቀበሉ ፈርመዋል። መግቢያው መስፈርት አለው፤ የዋጋ ንረቱ ዝቅ ያለ፣ የበጀት ጉድለቱ ከአገር ውስጥ ምርት 3 በመቶ ያልበለጠ፣ ዕዳው ከ60 በመቶ ያላለፈ ወይም ወደዚያ እየወረደ ያለ፣ የረጅም ጊዜ ወለዱ ከሌሎች ብዙ ያልራቀ መሆን አለበት። በመጨረሻም ገንዘቡ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ከዩሮ ጋር በታወቀ ተመን ተጣብቆ መቆየት ይኖርበታል። ይህችን የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ። ወደዚህ የሁለት ዓመት ማቆያ የሚገባው በፈቃድ ነው። ስለዚህ መግባት ያልፈለገ አገር «እምቢ» ሳይል በር ላይ ቆሞ መቅረት ይችላል። ስዊድን ዓመታትን ያስቆጠረችው እንዲህ እያደረገች ነው።

የራስ ገንዘብ ምን ያደርጋል?

አንድ አገር ወደ ውጭ የምትልከው ዋና ዕቃ ገበያው ወደቀ እንበል። የራሷ ገንዘብ ካላት ሁለት ነገር ይከሰታል። አንደኛ የገንዘቧ ዋጋ ይወርዳል፤ ዕቃዋ ለውጭ ገዢ ይረክሳል፣ ከውጭ የምታስገባው ደግሞ ይወደድባታል። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይደኸያል ማለት ነው። ሁለተኛ ማዕከላዊ ባንኳ ወለድ ቀንሶ ብድርን ማርከስ ይችላል።

ገንዘቧን ከሌሎች ጋር የምትጋራ ከሆነስ? ተመኑም ወለዱም በእጇ የለም። ወለዱን የሚወስነው ፍራንክፈርት ያለው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያየው የሁሉንም አማካይ እንጂ የእሷን ችግር ብቻ አይደለም። የቀራት ደሞዝ መቀነስ፣ ሠራተኛ ማሰናበት፣ ወይም ወጣቶቿ ሥራ ፍለጋ ሲሰደዱ ማየት ነው።

በክፍል የተማርነው ሮበርት ሙንዴል በ1961 ያነሳው ነጥብ ይኸው ነው። ገንዘብን መጋራት የሚያዋጣው ሠራተኛው ሥራ ካጣበት ቦታ ሥራ ወዳለበት በቀላሉ መሄድ ሲችል ነው አለ። አሜሪካን እንውሰድ። ሚሺጋን ሥራ የጠፋበት ሰው ያው በዚያው ቋንቋው ቴክሳስ ሄዶ ይቀጠራል፤ ዋሽንግተን ያለው የፌዴራል ግምጃ ቤትም የተጎዳውን ግዛት በድጎማና በግብር ያግዛል። አውሮፓ ውስጥ ግን ሥራ ያጣ የግሪክ አናጢ በማግስቱ ፊንላንድ ሄዶ ልቀጠር ቢል ቋንቋው ራሱ ግድግዳ ነው። የኅብረቱ የጋራ በጀትም ከአባላቱ ጠቅላላ ምርት 1 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው።

ግሪክ የከፈለችውን እናስታውስ። በእርግጥ ጥፋቱ የራሷም ነበር፤ መንግሥቷ ከአቅሙ በላይ ተበድሯል፣ የበጀት ጉድለቱንም አሳንሶ አቅርቧል። ነገር ግን ችግሩ ከፈነዳ በኋላ ማስተንፈሻ አልነበራትም። በ2013 ከመቶ ሠራተኞቿ 27ቱ ገደማ ሥራ አጥ ነበሩ። ኢኮኖሚዋ ከ2008 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ሩብ ያህሉን አጣ። ያጠፋው መንግሥት ሲሆን የተቀጣው ግን በወቅቱ ከዩኒቨርሲቲ የወጣው የእኛ ዕድሜ ልጅ ነው።

ስዊድን፦ የ500 በመቶ ወለድ ትምህርት

ስዊድን ነገሩን የተማረችው ከመጽሐፍ አይደለም። በ1992 ክሮናዋን ከአውሮፓ ገንዘቦች ጋር በቋሚ ተመን አስራ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ገበያው «ክሮና መውደቁ አይቀርም» ብሎ ሲሸሽ ማዕከላዊ ባንኩ ተመኑን ለማዳን የአጭር ጊዜ ወለዱን 500 በመቶ አደረሰው። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት። አምስት መቶ ነው! ያም ሆኖ አልሆነላቸውም፤ ኖቬምበር 19 ቀን ተመኑን ለቀቁት። ብሪታንያም በሴፕቴምበር 16 ተመሳሳይ ነገር ደርሶባታል። በአንድ ቀን ወለዷን ከ10 ወደ 12 በመቶ ከፍ አድርጋ፣ 15 ይሆናል ብላ አስታውቃ፣ ማታውኑ ከአውሮፓ የተመን ሥርዓት ወጣች። ብሪታንያ ውስጥ ከዚያ በኋላ ስለ ዩሮ በተነሳ ቁጥር ያ ቀን አብሮ ይነሳ ነበር።

ስዊድን በሴፕቴምበር 14 ቀን 2003 ሕዝበ ውሳኔ አደረገች። ከምርጫው አራት ቀን ቀደም ብሎ የዩሮ ዋና ደጋፊ የነበሩት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አና ሊንድ ስቶክሆልም ውስጥ ገበያ ላይ ሳሉ በስለት ተወግተው በማግስቱ አረፉ። አገሩ ሐዘን ላይ ነበር። ሐዘኑ ድምፁን ወደ ድጋፍ ያዞረዋል ብለው የጠበቁ ነበሩ። ውጤቱ ግን 55.9 በመቶ ተቃውሞ፣ 42 በመቶ ድጋፍ ሆነ።

ከዚያስ ምን መጣ? የ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመታ አንድ ዩሮ ከ9 ክሮና ተኩል ገደማ ተነስቶ በ2009 መጀመሪያ ከ11 ክሮና በላይ ሆነ። የስዊድን ዕቃ ረከሰ። በዚያ ዓመት የስዊድን ኢኮኖሚ በ4 በመቶ አካባቢ ሲቀንስ በዩሮ የምትጠቀመው ጎረቤቷ ፊንላንድ በ8 በመቶ አካባቢ ቀነሰች። ፊንላንድ ወደ ቀድሞ ደረጃዋ ለመመለስ አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶባታል። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን። ፊንላንድ በዚያው ጊዜ የኖኪያን ስልክ ገበያ አጥታለች፤ የወረቀት ኢንዱስትሪዋም ተዳክሟል። ጥፋቱን ሁሉ በዩሮ ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። እኔ የምለው ቁስሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ቢሆንም ፊንላንድ የሚታከምበት አንዱ መድኃኒት በእጇ አልነበረም ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ። ማልሞ ነው የምትኖረው፤ ሥራዋ ግን ባሕሩ ላይ የተሠራውን ድልድይ ተሻግሮ ኮፐንሃገን፣ ዴንማርክ ነው። አረጋውያን ትንከባከባለች። ደሞዟ በዴንማርክ ገንዘብ፣ ወጪዋ በስዊድን ክሮና ነው። «በ2003 ምን ብለሽ መረጥሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ዩሮ ይግባ ብዬ ነዋ! ያኔ መመንዘሩ ሰልችቶኝ ነበር። ስንሸነፍ ተናደድኩ።»

«አሁንስ ቢጠይቁሽ?»

ትንሽ ዝም አለችና «አንተ ልጅ፣ አሁን እኮ ክሮናው ሲወድቅ የምጠቀመው እኔ ነኝ፤ ደሞዜ ይበዛልኛል። ጎረቤቴ ግን ደሞዙ በክሮና ነው፤ ቡናው፣ ፍራፍሬው ሁሉ ተወደደበትና ያማርራል። ማንን ነው የምትጠይቀው?» አለችኝ። በእርግጥም በ2013 መጀመሪያ አንድ ዩሮ ከ9 ክሮና በታች ነበር፤ በ2023 ወደ 12 ተጠግቷል። አክስቴ ቀጥላ የተናገረችው ግን ካነበብኩት ሁሉ በላይ ነው የገባኝ፦ «ቢያማርርም የሚያማርርበት ሰው አለው። ባንኩም ስቶክሆልም ነው፣ ፓርላማውም ስቶክሆልም ነው።»

የዴንማርክ እንቆቅልሽ

ታዲያ ነገሩ ሁሉ የምንዛሪ ተመን ቢሆን ኖሮ የዴንማርክ ጉዳይ ትርጉም አይኖረውም። ዴንማርክ ክሮነሯን አልተወችም፤ ግን ከዩሮ ጋር አስራዋለች። መካከለኛው ተመን ለአንድ ዩሮ 7.46038 ክሮነር ነው፤ ከዚያ ከ2.25 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ተስማምታለች፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ባነሰ ክልል ነው የምትይዘው። ይህ ማለት ወለዷ ፍራንክፈርትን ይከተላል ማለት ነው። በኦክቶበር 2008 የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ሲቀንስ ዴንማርክ ተመኗን ለማዳን ጭራሽ ወለድ ጨመረች። በ2015 መጀመሪያ ደግሞ ገንዘብ በብዛት ሲጎርፍባት ወለዱን ከዜሮ በታች አውርዳ 0.75 በመቶ ኔጌቲቭ አደረገችው።

«እንዲህ ከሆነማ ለምን አይጨርሱትም? ውሳኔው ላይ ድምፅ እንኳ ሳይኖራቸው ይከተላሉ!» ይባል ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። መልሱ ሕዝቡ ጋ ነው። ዴንማርኮች በጁን 1992 የማስትሪክትን ስምምነት በ50.7 በመቶ ተቃውመው አገሩን ሁሉ አስደነገጡ። መንግሥታቸው ሄዶ ዩሮን ያለመቀበል መብትን ጨምሮ ልዩ ሁኔታዎች አስፈቅዶ ከመጣ በኋላ ነው በ1993 የተስማሙት። በሴፕቴምበር 2000 ዩሮን እንቀበል ወይ ተብለው ለብቻው ሲጠየቁ ደግሞ መንግሥቱ፣ ትልልቆቹ ፓርቲዎችና ነጋዴው ደግፈው ሳለ 53.2 በመቶው «አይሆንም» አለ።

የእኛ ሰው «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል። ዴንማርክ ያደረገችው ይህን ነው። በደህና ቀን የዩሮን መረጋጋት ትጠቀማለች። ክፉ ቀን ከመጣ ግን ገመዱን ፈትታ መውጣት ትችላለች፤ ኖቱም፣ ባንኩም፣ ሕጉም በቦታው አለ። ዩሮ የገባ አገር መውጣት ቢፈልግ ግን ገንዘብ ከባዶ ማተም፣ ዕዳውን ሁሉ በአዲስ ገንዘብ መተርጎም፣ ባንክ ዘግቶ ሕዝቡን ማሰለፍ ይጠብቀዋል። ግሪክ በ2015 ክረምት ባንኮቿን ለሳምንታት ዘግታ በዚህ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ ነው የተመለሰችው።

ፖላንድና የስሎቫኪያ ሸማቾች

ስሎቫኪያ ዩሮን የተቀበለችው በጃንዋሪ 2009 ነው፤ ቀውሱ በተጋጋለበት ወር። ጎረቤቷ ፖላንድ ከዝሎቲ ጋር ቀረች። ዝሎቲ በወራት ውስጥ ክፉኛ ወደቀ፤ በ2008 አጋማሽ አንድ ዩሮ 3.2 ዝሎቲ አካባቢ የነበረው በፌብሩዋሪ 2009 ወደ 4.9 ተጠጋ። የስሎቫኪያ ሰዎች ዩሯቸውን ይዘው ድንበር እየተሻገሩ ፖላንድና ሃንጋሪ መሸመት ጀመሩ። በራሳቸው አገር ያሉ ባለ ሱቆች ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅትም። በ2009 ከኅብረቱ አባላት ሁሉ ኢኮኖሚዋ ያልቀነሰው የፖላንድ ብቻ ነው። ትልቅ የአገር ውስጥ ገበያ መኖሩና ከኅብረቱ የሚመጣው የልማት ገንዘብም ረድቷታል፤ የዝሎቲ መውደቅ ግን አንዱ ምክንያት እንደነበር ብዙ የማያከራክር ይመስለኛል።

የራስ ገንዘብ ሲያቃጥል

እስካሁን ያነበበ ሰው «እንግዲህ የራስ ገንዘብ መድኃኒት ነው» ሊል ይችላል። አይደለም። ሃንጋሪን እንይ። ከ2008 በፊት የፎሪንት ወለድ ውድ ስለነበር ብዙ ቤተሰቦች የቤት ብድር የወሰዱት በስዊዝ ፍራንክ ነበር። ወለዱ ርካሽ ነው፣ ባንኩም ያበረታታል። ፎሪንት ሲወድቅ ግን ደሞዙ በፎሪንት፣ ዕዳው በፍራንክ የሆነ ሰው ወርሃዊ ክፍያው አበጠበት። ቤቱን ያጣም አለ። መንግሥት በ2014 መጨረሻ ብድሮቹ በተወሰነ ተመን ወደ ፎሪንት እንዲለወጡ አደረገ። እንደ ዕድል ሆኖ ጊዜው ልክ ነበር፤ የስዊዝ ማዕከላዊ ባንክ ከ2011 ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይዞት የነበረውን ተመን በጃንዋሪ 15 ቀን 2015 በድንገት ሲለቅ ፍራንክ በአንድ ቀን ከዩሮ ጋር እኩል ወደ መሆን ደረሰ። በፍራንክ የተበደሩ ፖላንዳውያን ግን ምንም መከለያ አልነበራቸውም።

አይስላንድም አለች። በኦክቶበር 2008 ሦስቱ ትልልቅ ባንኮቿ በአንድ ሳምንት ገደማ ወደቁ፤ ክሮናዋ ግማሽ ያህል ዋጋውን አጣ። መንግሥት ገንዘብ ከአገር እንዳይወጣ ያደረገው ቁጥጥር በዋናነት የተነሳው በ2017 ነው። የገንዘቡ መርከስ ዓሣ ላኪውንና ቱሪዝሙን አነቃቅቷል፤ ከውጭ በሚገባ ዕቃ የሚኖረውን ሕዝብ ግን ኪሱን አራቁቶታል። ለዚህ ይመስለኛል ኢስቶኒያ በ2011፣ ላትቪያ በ2014፣ ሊቱዌኒያ በ2015 ወደ ዩሮ የሮጡት። ትንሽ አገር፣ ትልቅና አስፈሪ ጎረቤት፤ ለእነሱ ዩሮ ከገንዘብም በላይ መጠለያ ነው። ምርጫቸውን አልነቅፍም።

ወደ እኛ ስንመጣ

በዚያው ክፍለ ጊዜ አንድ ጓደኛችን «አፍሪካም አንድ ገንዘብ ያስፈልጋታል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ነበር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1991 የተፈረመው የአቡጃ ስምምነት የአፍሪካ ማዕከላዊ ባንክና አንድ የጋራ ገንዘብ ይኖራል ይላል። ምዕራብ አፍሪካ «ኢኮ» የሚባል የጋራ ገንዘብ አወጣለሁ ብላ ቀነ ገደቡን ደጋግማ አራዝማለች። አሥራ አራት የአፍሪካ አገሮች ደግሞ ሲኤፍኤ ፍራንክ ይጠቀማሉ፤ እሱም ለአንድ ዩሮ 655.957 ሆኖ የታሰረ ነው። የዳካር ነጋዴ ሳይመርጠው የፍራንክፈርት ውሳኔ ይደርሰዋል ማለት ነው።

በሌላ በኩል የራስ ገንዘብ መኖር ብቻውን እንደማያድን እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። በጁላይ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር ይፋዊ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብር የራሳችን ነው፤ ዘይት የሚገዛ ሰው ግን ለዚህ ብሎ አልተጽናናም። ስዊድንን የጠቀማት ክሮና መኖሩ ብቻ አይደለም። ከመንግሥት በጎ ፈቃድ ነፃ ሆኖ የሚሠራ ባንክ፣ የሚታመን አኃዝ፣ በራሱ ገንዘብ መበደር የሚችል መንግሥት አላት። እነዚህ በሌሉበት የራስ ገንዘብ የሚያስታግስ ሳይሆን የሚያባብስ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ መምህር፣ መልሴ ይኸውልዎት። በዚያ ቀን «ኩራት ነው» ያልኩት ስህተት ነበር። እነዚህ አገሮች የሚከፍሉት አረቦን ነው። በየዓመቱ በመመንዘሪያ ወጪ፣ በተመን መዋዠቅ፣ አንዳንዴም እንደ አክስቴ ጎረቤት በውድ ቡና ይከፍሉታል። የሚገዙበትም ክፉ ቀን ሲመጣ ውሳኔው በራሳቸው ደጅ እንዲሆን፣ ውሳኔው ከተሳሳተም የሚጠይቁት ሰው እንዲኖር ነው። ዋጋውን በቁጥር አስልቼ ማምጣት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም እሳት ላልነካው ቤት አረቦኑ ሁልጊዜ ውድ ይመስላል፣ ለተቃጠለ ቤት ደግሞ ርካሽ ነው።

በበኩሌ አንድ ቀን «የጋራ ገንዘብ ይጠቅመናል ወይ?» ተብለን የምንጠየቀው እኛው፣ ዛሬ እዚህ ክፍል የተቀመጥነው ነን ብዬ አምናለሁ። ያን ጊዜ እንደ እኔ እጅ አውጥቶ አንድ ቃል ተናግሮ መቀመጥ አያዋጣም። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይ ያ የ«ድር ቢያብር» ጓደኛችን፣ በሚቀጥለው እትም እጠብቃችኋለሁ።